ሳይነካ የሚነካ ወርቅ

«እናንተ የለውጥ ካታሊስት ናችሁ» ተባልን። ለክረምቱ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወደየአገራችን ልንበተን ጥቂት ቀናት ሲቀሩን ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፤ ንግግሩም ረዥም ነበር። ቃሉ ከተናጋሪው አፍ ሲወጣ እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች አጨበጨብን፤ ማጨብጨብ መቼም ልማዳችን ነው። ከኋላችን የተቀመጠ አንድ የኬሚስትሪ ተማሪ ግን ሳቀ። ዞር ብለን «ምን ያስቅሃል?» ብንለው «ምን እንደ ሆነ ሳታውቁት ሆናችሁት እኮ!» አለን።

ንዴታችን እስከ ማታ ቆየ። ማታ ግን ያው ልጅ ከመኝታ ክፍላችን መጥቶ ሻይ እየጠጣ፣ ስኳሩን እያማሰለ ነገሩን ሲያስረዳን ንዴቱ ወደ ጥያቄ ተለወጠ። ጥያቄው ይህ ነው፦ ሌላውን እየለወጠ ራሱ ሳይለወጥ መውጣት ለሰው ይቻለዋል ወይ? ቢቻለውስ ይገባዋል ወይ?

ይህ የቃላት ጨዋታ ነው የሚል አይጠፋም። ለእኛ ግን አይደለም። አብዛኞቻችን የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ልጆች ነን። ሻንጣችንን ሸክፈን የምንሄደው መሐል ሜዳ፣ ራቤል፣ ዓለም ከተማ ነው። «ለዋጭ» ተብለን የምንላከው ወደ ገዛ አባቶቻችን ቤት ነው። ምን ዓይነት ለዋጭ እንደምንሆን ሳናስብ አውቶቡስ ላይ መውጣት ነውር መሰለን።

ካታሊስት ማለት የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን፣ ሂሳቡ ሲዘጋ ግን ራሱ በገባበት መጠን የሚወጣ ነገር ነው። ልጁ ምሳሌ ያወጣው ከአገራችን ነው። «የጣርማ በርን ዋሻ አታውቁም?» አለን። ጣልያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረው ዋሻ ነው። ከዋሻው በፊትም ደብረ ሲና እዚያው ነበረች፤ ከዋሻው በኋላም እዚያው ናት። የተለወጠው መድረሻው ሳይሆን ለመድረስ የሚወጣው አቀበት ነው። ካታሊስትም እንዲሁ ነው። ሊሆን የማይችለውን አያስሆንም፤ ሊሆን የሚችለውን ግን መቶ ዓመት ከሚጠብቅ በአንድ ሰዓት ያደርሰዋል። ይህችን ነገር አንባቢ በልቡ ያኑርልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ልጁ የሚያጠናው ወርቅ ነው። ጣቱ ላይ የብር ቀለበት እንኳ የሌለው ሰው ወርቅ ያጠናል! ወርቅ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ሥራ ፈት ማዕድን ነው። አይዝግም፤ ከሁለት አሲዶች ቅልቅል ከሚሠራውና «የንጉሥ ውሃ» ከሚባለው በቀር ተራ አሲድ አይበግረውም። ሊቃውንቱ «ክቡር ማዕድን» የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ክብሩ ከማንም ጋር አለመነካካቱ ነው ማለት ነው። ይህን ስንሰማ ከመካከላችን አንዱ «እንደኛ አገር ባላባት በለኛ!» ብሎ አሳቀን። የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረጋቸውን ከመንዙ ነጋሲ ይቆጥሩ ነበር፤ እኛም እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ስንተዋወቅ ሰባት ቤት መቁጠሩ አልቀረልንም። ክብርን ከሥራ ፈትነት ጋር አንድ ያደረገው ኬሚስት ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ይህ ክቡር ማዕድን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ሥራ ጀመረ። ማሳታኬ ሃሩታ የተባለ ጃፓናዊ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በ1987 ባወጣው ጽሑፍ፣ ወርቅ እጅግ ደቆ መጠኑ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ሲሆንና በብረት ኦክሳይድ ላይ ሲቀመጥ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ እንኳ ከኦክሲጅን ጋር እንደሚያዋሕድ አሳየ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ማለት በክረምት ቤቱን ዘግቶ፣ ከሰል አንድዶ የሚተኛውን ሰው የሚገድለው መርዝ ነው፤ የደጋ ሰው ያውቀዋል። የብረት ኦክሳይድ ደግሞ በተራ ቋንቋ ዝገት ነው። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ግራሃም ሃቺንግስ የተባለ ብሪታንያዊ ሊቅም በዚያው ሰሞን በሌላ ለውጥ ላይ ወርቅ ከሁሉ የተሻለ ካታሊስት እንደሚሆን አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ወርቁ ሲደቅ ቀለሙም ቢጫ አይደለም፤ ፋራዴይ በ1857 እንዳሳየው በውሃ ውስጥ እንደ ሮማን ይቀላል። ማለትም ሥራ ሲጀምር ወርቅ አይመስልም።

ወደ ስኳሩ እንምጣ። በሚላኖ ዩኒቨርሲቲ ላውራ ፕራቲ፣ ሚኬሌ ሮሲና ባልደረቦቻቸው ወርቅን በከሰል ላይ አስቀምጠው ግሉኮስ የሚባለውን ስኳር በሞቅታ ውሃ ውስጥ ከኦክሲጅን ጋር አገናኙት፤ ይህንንም በ2002 አሳተሙ። ስኳሩ ግሉኮኒክ አሲድ ሆነ። አሲዱ ብዙ ጥቅም አለው። ከካልሲየም ጋር በመርፌ ይሰጣል፤ ከብረት ጋር ደም ላነሰው ሰው ኪኒን ይሆናል፤ ሲሚንቶ ቶሎ እንዳይደርቅ ያቆያል፤ የቆሸሸ ብረት ያጠራል። ፋብሪካዎች ዛሬም በአብዛኛው የሚሠሩት በጥቁር ሻጋታ ነው። ወርቁን ልዩ የሚያደርገው ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን የት መቆም እንዳለበት ማወቁ ነው። ፕላቲነምና ፓላዲየም በዚሁ ሥራ ላይ ሲሰማሩ ኦክሲጅኑ ራሱ ያፍናቸዋል፤ ስኳሩንም አልፈው ሄደው ሌላ ሌላ ነገር ያደርጉታል። ወርቅ ግን የስኳሩን አንድ ጫፍ ይለውጥና ያቆማል፤ ሌላውን ጫፍ አይነካም።

ይህን ሁሉ ከሰማን በኋላ አንድ ነገር ጨመረልን፤ አፋችንን ያስያዘንም እሱ ነው። ይህ አሲድ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ማር ውስጥ ካሉት አሲዶች ዋናው ይኸው ግሉኮኒክ አሲድ ነው። ንቧ ከራሷ ላይ ካለ ዕጢ በምታወጣው ኤንዛይም የአበባውን ስኳር ወደ አሲድ ትለውጠዋለች፤ በዚያው ሥራ ላይ ጀርም የሚገድል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ይወጣል። ማር ውሃ ሲነካው ኤንዛይሙ ይነቃል። እናቶቻችን ቁስል ላይ ማር ሲያደርጉ ያለ ነገር አይደለም። በጀማና በወንጪት መካከል ያለች ቀፎ፣ በሚላኖ ላቦራቶሪ የተደረሰበትን ሥራ ያለ ወርቅ ስትሠራው ኖራለች። እኛ ተራማጆቹ ወደዚያች ቀፎ ነው «ለውጥ» ይዘን የምንሄደው።

አሁን ወደ ጥያቄው። በመጀመሪያ ያታለለን «ክቡር» የሚለው ቃል ነው። ከትምህርት የምንፈልገው ምንድን ነው? በሐቅ እንነጋገር ከተባለ ብዙዎቻችን የምንፈልገው ማንም የማይነካን ሰው መሆን ነው። ዲግሪው እንደ ወርቅ ጥርስ ሲስቁ እንዲታይ ነው። የወርቁ ታሪክ የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው፦ ጉብ ብሎ ሲቀመጥ ዋጋ አለው፣ ሥራ የለውም፤ ሥራ የሚኖረው ሲበተንና ሲደቅ ነው።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ ያምማል። የሚላኖዎቹ ሊቃውንት በ2004 ባወጡት ጽሑፍ ወርቁን ያለ ምንም ማረፊያ፣ ራቁቱን ውሃ ውስጥ ለቀውት ነበር። መጀመሪያ ላይ ከሰል ላይ እንዳለው ወርቅ አድርጎ ሠራ። ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ ግን ሥራው ቆመ። ምን ሆነ? ወርቁ ወርቁን ፈለገ። ደቃቆቹ እርስ በርስ እየተጣበቁ ትልልቅ ሆኑ፤ ትልልቅ ሲሆኑ ደግሞ እንደ ጥንቱ ሥራ ፈት ሆኑ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን ላደግን ልጆች ይህ መራራ ነው። ድር እንዲህ ነው፤ ወርቅ ግን እንዲያ አይደለም። ባለፈው ክረምት መሐል ሜዳ የሄድነው ስድስት ነበርን። አንድ ቤት ተከራይተን አብረን በላን፣ አብረን ተኛን፣ ማታ ማታ አብረን ካርታ ተጫወትን፣ የአገሩን ሰው ኋላ ቀርነት አብረን ተወያየንበት። በሁለተኛው ሳምንት ከእኛ በቀር የሚያናግረን ሰው አልነበረም። ያኔ ጥፋቱን በገበሬው ላይ አላክከን ነበር።

ታዲያ ወርቁን ከመጣበቅ የሚያድነው ምንድን ነው? ከሰሉ ነው። ዝገቱ ነው። ድጋፍ የሚሉት፣ ማንም ዋጋ የማይሰጠው ነገር ነው። በእንዲህ ያለ ካታሊስት ውስጥ ወርቁ ብዙውን ጊዜ ከመቶ አንድ እጅ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ የቀረው ሁሉ ማረፊያ ነው። ስሙ ግን «የወርቅ ካታሊስት» ይባላል። ስም አወጣጥ ላይ ፍትሕ እንደሌለ ከዚህ ይታያል። ድጋፉም ዝም ብሎ አልጋ ብቻ አይደለም። በአንዳንዱ ለውጥ ላይ ኦክሲጅኑን የሚያቀብለው፣ ሥራው የሚሠራበትን ጠርዝ የሚሰጠው እሱ ነው።

በዚያው ክረምት ከመካከላችን አንዱ ውሃ አፍልቶ ስለ መጠጣት አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማረ። ሲጨርስ አንድ አዛውንት በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና «ተባረክ ልጄ። ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?» አሉት። ልጁ ከፋው። «አባባ፣ ይሄ እኮ ከትምህርቱ ጋር አይገናኝም» አላቸው። እሳቸውም «ይሁን እንግዲህ» ብለው ተቀመጡ። ያን ጊዜ የባላባት ጥያቄ መስሎን ስቀን ነበር። አሁን ስናስበው አዛውንቱ የጠየቁት ዘር ብቻ አልነበረም። በምን ላይ እንዳረፈ ነው የጠየቁት፤ ነገ ውሃው ቢያጣላ፣ ማገዶው ቢያልቅ፣ ማን ቤት ሄደው እንደሚጠይቁት ነው። ልጁ መልስ ነበረው፤ እናቱ የሞላሌ ናት። አልተናገረም እንጂ።

ድጋፉን ባዶ መሬት አድርጎ ማየት የእኛ ትውልድ ጥፋት ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። ፊደል አስቆጠሩ፣ የገበሬ ማኅበር አቋቋሙ፤ ከሕዝቡ ጋር የተጋጩም፣ የሞቱም ነበሩ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። መሬት ለአራሹ መባሉን አንነቅፍም፤ የነቀፈው ሰው ጭሰኛ ሆኖ አያውቅም። ነገር ግን በመንዝ ላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጓሳን ሣር እንመልከት። ይህ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆን ነው። አስቦና ጌራ የሚባሉት አቅኚ አባቶች ካቀኑት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። አለቃ ተመርጦለት፣ ዓመታት ተዘግቶ ይከርማል፤ ሲፈቀድ ሁሉም በአንድ ቀን ወጥቶ ያጭዳል። አዋጁ ሲመጣ ያ ሥርዓት አብሮ ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። ማኅበረሰቡ በኋላ በአዲስ መልክ አደራጅቶ ዛሬም ይጠብቀዋል።

ድጋፉ ቅዱስ ነው ብለን ደግሞ እንዳንዋሽ። የቄሮ መብት የአቅኚዎቹ ዘር ለሆኑ ባለ አጽመ ርስቶች እንጂ ለሁሉ አልነበረም። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ወርቅ የሚያነጥረው ሰውስ? በአገራችን «ቡዳ» ተብሎ ሲፈራና ሲናቅ የኖረ ሰው ነው። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በመንዝ ተቀምጦ ካጠና በኋላ በ1965 በፈረንጅ አቆጣጠር ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ ሰየመው። ሰምና ወርቅ ቅኔ ከመሆኑ በፊት የአንጥረኛ ሥራ ነው። ሰሙ ይቀረጻል፣ በጭቃ ይለበጣል፣ ይቀልጥና ይፈስሳል፣ በቦታው ወርቁ ይገባል። እኛ ወርቁን አገኘን ብለን ስንደሰት ሰሙም ጠፍቷል፣ አንጥረኛውም ከበር ውጭ ቆሟል። ወደ መንደራችን ስንመለስ የምናርፍበት ከሰል ይህን ግፍም የያዘ ነው። አርፈንበት ዝም እንበል ወይ? በዚህ ላይ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተከራከርን፤ አልተስማማንም። የሚበዙት ያሉት፣ ያላረፈ ሰው የመንቀፍ መብት የለውም ነው። ሁለቱ ግን፣ የተናቀው ሰው እኛ ተደላድለን እስክናርፍ የሚጠብቅበት ምክንያት የለም አሉ። እነዚህ ሁለቱ ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ይህ እንዲህ ሲሆን «ሳይለወጥ ይወጣል» የሚለው ነገርስ? የፍልስፍና ተማሪ የሆነ ጓደኛችን ይህን ባሕርይ አጥብቆ ተከራከረለት። «ሽማግሌን ተመልከቱ» አለ። «ሁለት የተጣሉ ሰዎችን ያስታርቃል፤ ከካሣው ሳንቲም አይወስድም፤ ወገን አይይዝም፤ እንደ ገባ ይወጣል። ቢለወጥማ፣ በአንዱ ቢያዝ፣ ሽማግሌ መሆኑ ይቀራል።» ጠንካራ ክርክር ነው። ነገር ግን የመንዝ ሽማግሌ ዛሬ ያስታርቃል፣ ነገ በድንበር ተጣልቶ በእነዚያው ሰዎች ፊት ይቆማል። ከካሣው አይወስድም እንጂ የሁለቱንም ምሥጢር ተሸክሞ ቤቱ ይገባል። አልተካፈለም ማለት አልተነካም ማለት አይደለም።

ኬሚስቱም በዚህ ከእኛ ጋር ነበር። ስኳሩ በእያንዳንዱ ዙር ወርቁ ላይ ያርፋል፤ ይይዘዋል፣ ይለቀዋል። ካላረፈበት ምንም አይሆንም። ሳይነካ የሚነካ ካታሊስት የለም። «ሳይለወጥ» የሚባለው የመጨረሻው ሂሳብ ላይ ነው፤ እሱም በመጽሐፍ ነው። በላቦራቶሪ ግን ወርቁ ቀስ በቀስ ያድጋል፣ ጥቂቱም ይታጠባል፣ ይደክማል። ደግሞስ ወርቁ ከየት መጣ? ሂሳቡ የሚጀምረው ወርቁ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። በ2018 በፈረንጅ አቆጣጠር የሻኪሶ አካባቢ ሕዝብ ጤናችን ተጎዳ ብሎ ተቃውሞ ካነሣ በኋላ መንግሥት የለገ ደንቢን የወርቅ ማዕድን ፈቃድ አግዶ ነበር። እኛንም አንድ ሰው ጊደር ሸጦ፣ አንዲት እኅት ከትምህርት ቀርታ ነው ያስገቡን። «በገባሁበት ወጣሁ» የሚል ሰው መግቢያውን የከፈለለትን አልቆጠረም።

ስኳሩስ ተጠይቋል? ይህ ጥያቄ ከሁሉ ዘግይቶ መጣ፤ ያነሣችውም እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ሻይ ታፈላ የነበረች የግሼ ልጅ ናት። «ጠቃሚ አሲድ ትላላችሁ፤ ለማን ነው የሚጠቅመው? ጣፋጭ ነበረ፣ ኮምጣጣ ሆነ። ለፋብሪካው ጥሩ ነው» አለች። ኬሚስቱ ስኳር ሐሳብ የለውም ብሎ ሊያልፋት ሞከረ። ስኳር የለውም፤ ግሼ ግን አላት። እዚህ ላይ ነው ቀድመን በልብ አኑሩልን ያልነው ነገር የሚመለሰው። ካታሊስት ደብረ ሲናን ከቦታዋ አያነሣትም። ሰዎች ወደ አንድ ነገር ዝንባሌ ከሌላቸው የእኛ መምጣት ዝንባሌ አይፈጥርላቸውም፤ ካላቸው ደግሞ የመጀመሪያው ሥራ ወዴት እንደሆነ መጠየቅ ነው። ወርቁን ከፕላቲነም የለየው ኃይሉ አልነበረም፤ አንዱን ጫፍ ለውጦ ሌላውን መተዉ ነው። እኛ ግን የት ላይ እንደምናቆም ሳናስብ ነው የአስተምህሮ ወረቀታችንን ያባዛነው። ስለ ውሃ፣ ስለ መጸዳጃ፣ ስለ ልቅሶ ወጪ፣ ስለ በዓላት ብዛት፣ ስለ አለባበስ ሁሉ አለበት። ስለ ልቅሶው ያለውን አንቀጽ ማን እንደ ጻፈው ስንጠያየቅ ባለቤት ጠፋ።

በማግስቱ ወረቀቱን ቆረጥነው፤ ውሃውና መጸዳጃው ቀረ። ማረፊያም ለያየን፤ እያንዳንዱ በዘመድ ቤት ወይም ዘመድ በሌለው አገር ከአንድ ቤተ ሰብ ጋር ይቀመጣል። ሁለት ልጆች ይህን አልወደዱትም፤ ብርዱንና ቁንጫውን ምክንያት አድርገው ከዝርዝሩ ወጡ። አንወቅሳቸውም፤ የመንዝን ብርድ ባና ደርቦም የሚያውቅ ያውቀዋል።

ይህን ጽሑፍ ለኬሚስቱ አንብበንለት ነበር። ብዙውን አለፈልንና አንድ ነገር ረስታችኋል አለ። ያ ግሉኮኒክ አሲድ ከተሠራ በኋላ ወርቁን ያዘገየዋል፤ እንደ አመድ ውሃ ያለ አልካሊ እየጨመሩ ካላስወገዱት ወርቁን የሚያሳንፈው የገዛ ሥራው ውጤት ነው። «እዚያ ስትደርሱ እያመሰገኑ በግ ያርዱላችኋል፤ ያን ጊዜ ምን ትጨምሩበታላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። ለመልሱ ገጹ አልቆብናል፤ እሱም ስኳራችንን ጨርሶ ሄደ።